ይሁን ብለዋል

«ምን አለ?» አለ ካድሬው።

ወርቂቱ አያቷን አየች። ኦቦ በንቲ ከባህር ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ። የተናገሩት ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ እሱንም ጥርስ ባለቀበት አፋቸው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል ቀስ ብለው። ከመካኒሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ ቅጠሉን እያንኮሻኮሸ ግማሹን ወስዶታል።

«እኮ ምን አለ?»

ጓድ መዝገቡ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጣ ካድሬ ነው። የአያቱ እኩያ የሆነውን ሽማግሌ «አለ» ሲል አፉን አይከብደውም። ከኋላው ቀያሾቹ በሦስት እግር የቆመውን መሣሪያቸውን ደገፍ ብለው ይጠብቃሉ። ከፊት ለፊቱ የሰፈሩ አባወራዎች ግጦሹ ላይ ተቀምጠዋል። እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ሲኖር የሚተረጉመው የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበር፤ እሱ ለሥልጠና ስለሄደ «ተማሪ የለም እንዴ?» ተባለና የዘጠነኛ ክፍሏ ወርቂቱ ከቤት ተጠርታ መጣች።

ካድሬው ጉሮሮው እስኪደርቅ ተናግሯል። ከተማው ጠቧል። ሠርቶ አደሩ መጠለያ የለውም። ይህ ሜዳ ለቤት ሥራ ማኅበራት ይሰጣል። እናንተ ጤፋችሁን አጭዳችሁ ወደ ፉሪ ተራራ ሥር ትዛወራላችሁ። አብዮቱ ግን ማንንም አያስገድድም፤ ስለዚህ ታላቃችሁ ይናገርና ሐሳባችሁን እንስማ። ወርቂቱ ይህን ሁሉ ላብ እያጠመቃት ወደ ኦሮምኛ መለሰችው። ኦቦ በንቲ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ «ሃ ታኡ» አሉ።

በኦሮምኛ «ሃ ታኡ» ሲባል፣ «ታ»ን ጎተት ካደረጉት «ይቀመጥ፣ ባለበት ይኑር» ማለት ነው። ቶሎ ካሉት ደግሞ «ይሁን» ማለት ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም አንድ ናቸው። ልዩነቱ በሰው አፍና በሰው ጆሮ መካከል ብቻ ነው ያለው።

ወርቂቱ የቱን እንደሰማች አላወቀችም። መጠየቅ ትችል ነበር። «አካኮ፣ ምን አሉ?» ብትል አያቷ ይደግሙላት ነበር። ግን ትምህርት ቤት አማርኛዋን እየሰሙ «ፋራ» ይሏታል፤ መንደር ስትመለስ ደግሞ ኦሮምኛዋን እየሰሙ «ከተሜዋ መጣች» ይሏታል። አሁን እዚህ ሁሉም እያያት፣ የገዛ አያቷ ያሉት አልገባኝም ትበል? የካድሬው ፊት ደግሞ አንድ መልስ ብቻ ይለምናል። ፊቱ ላይ የነበረውን ወስዳ ሰጠችው።

«ይሁን ብለዋል» አለች።

ካድሬው የግራ ክንዱን አነሣ፤ ቀያሾቹ አጨበጨቡ። እነሱ ሲያጨበጭቡ ማኅበርተኛውም አጨበጨበ፤ በዚያ ዘመን አለመጀመር ቀርቶ ቀድሞ ማቆምን እንኳ የሚደፍር አልነበረም። ኦቦ በንቲ ቀና ብለው ጭብጨባውን ሰሙ። አንድ የአማርኛ ቃል አያውቁም፤ ጭብጨባ ግን ያውቃሉ። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ፤ ወደ ልጃቸው ልጅ ዞረውም ፈገግ አሉ።

በሳምንቱ ሰኞ የክፍል ጓደኛዋ እፀገነት ከትምህርት ቤቱ በር ጀምሮ እየሮጠች መጣች።

«ወርቄ! ጎረቤት ልንሆን ነው!»

እፀገነት የምትኖረው ቄራ አካባቢ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ወርቂቱ ፈተና ሲደርስ እዚያ ታድራለች። አንድ ክፍል ቤት ነው። ክረምት ላይ ከጣሪያው ሥር ድስቱም ሳፋውም ተደርድሮ ውኃ ይቀበላል፤ የጓሮው ግድግዳ ጭቃው ተራግፎ እንጨቱ እንደ ጎድን አጥንት ወጥቷል። የእፀገነት አባት ቀበሌ ሄደው «ቆርቆሮውን በራሴ ልቀይር» ሲሉ «የሕዝብ ንብረት ነው፣ መንካት ክልክል ነው» ተባሉ። «እንግዲያው እናንተ ጠግኑት» ሲሉ «በጀት የለም» ተባሉ። ቤቱ ከባለቤቱ ተወርሶ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ ሕዝቡ አንድ ሚስማር እንኳ እንዲመታበት አልተፈቀደለትም። የአዲስ አበባ መሐል እንደዚህ ነበር የሚበሰብሰው፤ እያየነው፣ በመመሪያ።

«የት?» አለች ወርቂቱ።

«እናንተ ጋ ነዋ! ከመካኒሳ ታች፣ ወደ ፉሪ። የአባዬ ማኅበር መሬት አገኘ! ትናንት ሄዶ አይቶት መጣ። ባዶ ሜዳ ነው አለ፣ ሣር ብቻ።»

«ሣር?»

«ለምለም ሣር። እስከ ጉልበት ይደርሳል አለ።»

ያ ሣር ጤፍ ነበር። የእፀገነት አባት ዕድሜ ልካቸውን ጠዋትና ማታ የበሉትን ነገር፣ እግራቸውን እየነካው ቆመው አላወቁትም።

«ምነው፣ ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ብሎኛል።»

«አቦ ተዪኝ! ደስታሽ እንዲህ ከሆነ ኀዘንሽ ምን ሊመስል ነው?» እፀገነት ክንዷን ያዘቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚገርምሽ፣ ገበሬዎቹ ምንም አላስቸገሩም አሉ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ‹ይሁን› አሉ፤ ሁሉም አጨበጨበ። አባዬ ሲነግረን እማዬ አለቀሰች። እንዲህም ዓይነት ሰው አለ ለካ አለች።»

ወርቂቱ ደብተሯን ወደ ደረቷ ሳበች። «አያቴ ናቸው» አለች።

«ሙች በይኝ!» እፀገነት እዚያው በሰው መሐል አቀፈቻት። «እግዜር ይስጥልን በያቸው። እማዬ እግራቸውን ልትስም መምጣቷ አይቀርም፤ እወቂ።»

እንግዲህ ለዚህች ልጅ ምን ይባላል? ቤት እንዳትፈልግ? እየፈረሰ ያለ ግድግዳ ሥር ታናናሾቿን አቅፋ እንድትተኛ? ወርቂቱ በውይይት ታክሲ እስከ መካኒሳ፣ ከዚያ በእግሯ እስከ ሰፈሯ ስትሄድ ይህንኑ ስታመላልስ ነበር። አያቷ «ይሁን» ማለታቸውን እስከዚያ ሰዓት ድረስ አልተጠራጠረችም። ወይም መጠራጠር አልፈለገችም።

ጤፉ መሐል ጫፋቸው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካሎች ተተክለዋል። ኦቦ በንቲ አንዱ ጋ ቆመው እንደ ከብት ወገብ መታ መታ ያደርጉታል።

«አየሽ?» አሉ በደስታ። «ወሰናችንን እያሰመሩልን ነው። ከዚህ ወዲያ ማንም እንዳይገባ።»

«አካኮ...»

«ሰምተውኛል እኮ። አጨበጨቡ። መንግሥት ሲባል ጆሮ የለውም ይመስለኝ ነበር።»

ያኔ ነው ዋቅጅራ እርሻውን አቋርጦ የመጣው። ዋቅጅራ ጎረቤታቸው ነው። ወጣት ሳለ ቄራ ቆዳ ሲሸከም ስለኖረ አማርኛ እንደ ውኃ ይጠጣል። የስብሰባው ዕለት አልነበረም፤ ትናንት የቀያሾቹን ወሬ ሰምቶ፣ ዛሬ ችካሉን በገዛ ደጃፉ አግኝቶታል። ኦቦ በንቲን ከልጅነቱ ጀምሮ አንቱ ሲላቸው ኖሯል። ዛሬ አላላቸውም።

«በስንት ሸጥከን?» አለ።

ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባቸውም። «ማን? እኔ?»

«ሜዳ ላይ ቁጭ ብለህ ‹ሃ ታኡ› አልክ። የልጆቼን ቤት አስረከብክ።»

«‹ሃ ታ...ኡ› ነው ያልኩት!» ኦቦ በንቲ ዱላቸውን መሬት መቱ። «ይቀመጥ! መሬቱ ባለበት ይቀመጥ ነው ያልኩት!»

ወርቂቱ ሰማችው። ነፋስ አልነበረም፤ ጭብጨባ አልነበረም። «ታ»ው ረጅም ነበር፤ ተጎትቶ፣ ተጎትቶ ሆዷ ውስጥ ገባ።

«አሁን ነው ድምፅ የምትጎትተው?» ዋቅጅራ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ ነው። «ችካሉ ከተመታ በኋላ? እኔ እኮ አማርኛ እሰማለሁ። ቀያሾቹ ‹ይሁን ብለዋል› ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ካድሬው ዋሽቶ ይሆናል። ልጅቷ ነበረች፤ እሷን ጠይቃት።» ኦቦ በንቲ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ አንድም ጥርጣሬ አልነበረም። «ንገሪው፣ ልጄ። ምን ነበር ያልኩት?»

ሁለቱም አዩዋት። ዋቅጅራ እጁ ላይ መጥረቢያ ነበር፤ ወርቂቱ ግን መጥረቢያውን አልነበረም የፈራችው። ነገ ወንዝ ስትወርድ የሚያይዋትን ዓይኖች ነው የፈራችው። «ተማሪዋ አጠፋችን» ሲባል፣ ያች የምትባለው ተማሪ እሷ መሆኗን ነው።

«ያሉትን ነው የነገርኳቸው» አለች።

ዋቅጅራ ምራቁን እንትፍ ብሎ ሄደ። ኦቦ በንቲ እዚያው ቆመው ቀሩ። ለረጅም ጊዜ ፊቷን አዩ።

በማግሥቱ ከትምህርት በኋላ ወደ ካድሬው ቢሮ ሄደች። እዚያ ድረስ ያደረሳት ድፍረት አልነበረም፤ አያቷን ቀና ብላ ማየት አቅቷት ነው።

«ጓድ፣ ስብሰባው ላይ ተሳስቼ ነው የተረጎምኩት። አያቴ ‹ይሁን› አላሉም። ‹ይቀመጥ› ነው ያሉት። መሬቱ ባለበት ይቀመጥ።»

ጓድ መዝገቡ ሻዩን አማስሎ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «በሩን ዝጊው።»

ዘጋችው።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ዘጠነኛ።»

«ጎበዝ። ስሚ እህቴ፣ ይሁን ቢልም ይቀመጥ ቢልም ዶዘሩ ይመጣል። ፕላኑ ያለቀው አያትሽ አፉን ከመክፈቱ በፊት ነው።»

«ታዲያ ለምን ጠየቃችኋቸው?»

የፈራችው ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነው። ካድሬው ግን አልተቆጣም። ትንሽ አሰበና «ስብሰባ ስለሆነ» አላት።

አላሾፈም። እውነቱን ነበር የነገራት። እነዚያ ሰዎች ሕዝብን የሚጠይቁት መልሱ ስለሚያስፈልጋቸው አልነበረም፤ ሲያፈርሱ የሚያፈርሱት ሰው በገዛ አፉ «አፍርሱኝ» እንዲላቸው ስለሚወዱ ነው። በኋላ ከተማው «አደገ» ይባላል፤ ልጅ ይመስል። የጎረቤቱን እጅ እየበላ የሚያድግ ምን ዓይነት ልጅ ነው? መሐሉን አበስብሶ ዳሩን የሚግጥ ነገር ዕድገት ሳይሆን በሽታ ይባላል፤ ይህንን ለማለት ግን በዚያን ጊዜ በየስብሰባው አስተርጓሚ አልነበረም።

«አሁን ያለው ሁለት ነገር ነው» አለ ጓድ መዝገቡ። «አያትሽ ‹ይሁን› ካለ ተባባሪ ገበሬ ነው፤ ፉሪ ሥር ምትክ ይሰጠዋል። ‹ይቀመጥ› ካለ ደግሞ የአብዮቱን ፕላን የተቃወመ ሰው ነው። የተቃወመ ሰው የት እንደሚሄድ መቼም ሳትሰሚ አትቀሪም። የቱ ይሁንልሽ?»

ወርቂቱ የጠረጴዛውን እግር አየች።

«እንዲያ ነው። ይህን ወሬ ሌላ ቦታ እንዳልሰማው። ደሞም ጥሩ አድርገሽ ነው የተረጎምሽው፤ ለአያትሽም የሚበጀው እሱ ነው።»

ስትወጣ እጇን ጨበጣት። እጁ ሞቃት ነበር። እስከ መካኒሳ ድረስ ያንን እጇን ከቀሚሷ ጋር እያሸች ሄደች።

ኅዳር ላይ አጨዳ ደረሰ። በዚያ ሰፈር አጨዳ ብቻውን የሚያጭድ ሰው አይታወቅም፤ ደቦ ነው። ዛሬ የአንዱ ነገ የሌላው ይታጨዳል፤ ይቀለዳል፣ ይዘፈናል፣ አንድ ላይ ይበላል። ያን ዓመት ደቦው ከእርሻ እርሻ እየዞረ የኦቦ በንቲን እርሻ በአጠገቡ አልፎት ሄደ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ሰላምታም አልሰጣቸውም። አባቷ ከሚሊሺያ ጋር ወደ ሰሜን ዘምቶ ከቀረ፣ እናቷም ሌላ አግብታ ሰበታ ከሄደች ወዲህ፣ ያ ቤት ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው። ሽማግሌውና ልጅቷ ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ፣ ከማዶ የሚሰማው የደቦ ዘፈን እነሱ ዘንድ ሲደርስ ዝም ይላል፤ እልፍ ሲል እንደገና ይጀመራል።

ኦቦ በንቲ እያደር አጠሩ። ምግብ ሲቀርብላቸው «ቆይ» ይላሉ፤ ቆይቶ ይበርዳል። አንድ ቀን ከነዶው ሥር ተቀምጠው ሲያርፉ ወርቂቱ ማጭዷን መሬት ላይ ጣለችው።

«አካኮ፣ እኔ ነኝ። ካድሬው አልዋሸም። እኔ ነኝ ‹ይሁን› ያልኩት። አልሰማሁም ነበር፤ መጠየቅ አፍሬ...»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«ዋቅጅራ የመጣ ዕለት ፊትሽን አይቼ ነው ያወቅኩት። ፊትሽ የአባትሽ ነው፤ እሱም መደበቅ አይችልም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን ‹እሷ ናት› አላሉትም?»

ሽማግሌው ከነዶው አንድ ዘለላ መዝዘው መዳፋቸው ላይ አሹት፤ እፍ አሉትና ፍሬውን አዩት።

«አንቺ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ገና ብዙ ዘመን አለሽ። ፉሪም ብንሄድ አብረውሽ ናቸው። እኔ ስንት ክረምት ልኖር ነው? በእኔ ይብቃ። ለማንም አትንገሪ። ሰማሽ? ይሄ ቃሌ ነው።»

ወርቂቱ ደረቷ ላይ የነበረው ድንጋይ ሲነሣላት ተሰማት። ቀለል አላት። ቀለል ስላላትም ራሷን ጠላች። አያቷ ልክ እንደ ካድሬው ዝም እንድትል ነበር የነገሯት፤ ልዩነቱ የእሳቸውን ዝምታ የሚከፍሉት ራሳቸው መሆናቸው ነው።

ታኅሣሥ ላይ ዶዘሩ መካኒሳ ደርሶ ቆመ። አባወራዎቹ ቤታቸውን እያፈረሱ ቆርቆሮውንና ወራጁን ለፉሪ ማዘጋጀት ጀመሩ። ይህም በደቦ ሆነ። ወርቂቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ ብቻቸውን የቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው በጉልበታቸው እየዳሁ ሚስማር ይነቅላሉ። እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ከማዶ ዋቅጅራ ቤት ላይ ወንዶቹ ተደርድረው ቆርቆሮ ይቀባበላሉ፤ ሴቶቹ ከሥር ይደረድራሉ። ከዚያ ወደዚህ ያለው ርቀት ስም ቢጠራ የሚሰማበት ነው። ማንም ቀና አላለም።

«አካኮ፣ ይውረዱ! ይወድቃሉ!»

«ትንሽ ነው የቀረው።»

ብዙ ነው የቀረው። ገና አንድ ቆርቆሮ ነው የተነሣው።

ወርቂቱ መሰላሉን ጨብጣ ቆመች። ወጥታ ልታግዛቸው ትችላለች፤ ሁለት ሆነው ከሳምንት በኋላ ይጨርሱታል፤ ዶዘሩ ግን ሳምንት አይጠብቅም። ጓድ መዝገቡ የነገራትን አሰበች። ይህ ሁሉ ሰው እውነቱን ከሰማ አንዱ አፍ እዚያ ቢሮ መድረሱ አይቀርም፤ የሚወስዱትም አያቷን ወይም እሷን ነው፤ ወይም ሁለቱንም። እፀገነትን አሰበች። ለእሷ ምን ብላ እንደምትነግራት አላወቀችም።

ከላይ ሚስማር ተስፈንጥሮ እግሯ ሥር ወደቀ። ደብተሮቿን የመሰላሉ ሥር አስቀመጠች።

«የት ነው?» አሉ ኦቦ በንቲ ከጣሪያው ላይ።

የታጨደውን እርሻ አቋርጣ፣ ችካሎቹን እያለፈች ሄደች። ዋቅጅራ ቤት ስትደርስ ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው አዩዋት፤ አንዷ ጀርባዋን ሰጠቻት። ዋቅጅራ የቤቱ ጫፍ ላይ ተፈናጥጦ ቆርቆሮ በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«ዞር በይ፣ ልጥለው ነው!» አለ በአማርኛ፤ ለእሷ በኦሮምኛ መናገር ካቆመ ቆይቷል።

ባለችበት ቆመች።

«አትሰሚም? ይቆርጥሻል እኮ!»

«ኦቦ ዋቅጅራ፣ ይውረዱ» አለችው በኦሮምኛ፣ ጮክ ብላ፣ ከወዲያም ከወዲህም እንዲሰማ አድርጋ። «የምነግርዎ አለኝ። ሌሎቹም ይስሙ።»

ዋቅጅራ ወደ ታች አያት። ከዚያ አሻግሮ፣ ጣሪያቸው ላይ ጎንበስ ብለው ወደዚህ የሚያዩትን ሽማግሌ አየ። ቆርቆሮውን አጠገቡ ላለው ሰው አቀበለና መሰላሉን ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ወርቂቱ እግሩ መሬት እስኪነካ ጠበቀችው።